የአባላዘር ሐኪም ልሁን የሚል ወጣት

(የመግቢያ ሙዚቃ)

ከማንኪራ ቀበሌ የተነሳ ወጣት ሽንት ሲሸና እያቃጠለውና ፈሳሽ እያስቸገረው ቦንጋ ሆስፒታል ቢደርስ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ጠቅላላ ሐኪም ነው። ሐኪሙ ምልክቱን ብቻ መሠረት አድርጎ ለጨብጥም ለክላሚዲያም በአንድ ላይ መድኃኒት ያዝለታል፤ የአገሪቱ መመሪያም ይህንኑ ይፈቅዳል። ከባዱ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ ጓደኛውም መታከም አለባት። ይህን ሳያሳፍሩና ሳይቆጡ መናገር ራሱን የቻለ ሙያ ነው።

ታዲያ ያ ሐኪም፣ ወጣት ሆኖ፣ በዚሁ በአባላዘር ሕክምና ስፔሻላይዝ ላድርግ ቢልስ? በአገራችን አባላዘር የሚሰለጥነው ከቆዳ ሕክምና ጋር ተጣምሮ ነው። በሥራው ላይ ግን የሴቶቹ ችግር ወደ ማህፀን ሐኪም፣ የወንዶቹ ወደ ሽንት ቧንቧ ሕክምና (ዩሮሎጂ)፣ ኤችአይቪ ደግሞ ወደ ፀረ ኤችአይቪ ሕክምና (ኤአርቲ) ክሊኒክ ይበተናል። ወጣቱ ሐኪም ዞር ብሎ የሚያየው አርአያ እንኳ ያጣል።

ወደ ስፔሻሊስት ሥልጠና የሚያስገባው ብሔራዊ የሬዚደንሲ ፈተናም አለ። ፈተናውን ቢያልፍ ብዙውን ጊዜ ክልሉን የመሰለ ስፖንሰር ያስፈልገዋል፤ ምጥ የያዛትን እናት የሚያዋልድ የቸገረው ክልል ደግሞ መጀመሪያ የሚያስበው የማህፀን ሐኪምና ቀዶ ሐኪም ነው። አይፈረድበትም። ለቆዳና አባላዘር ስሙ የሚጠራው አለርት ሆስፒታል ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ከቦንጋ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በሬዚደንት ደመወዝ አዲስ አበባ ቤት መከራየት ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል።

እኔ ግን ክልሉ ቢያንስ አንድ የስፖንሰር ቦታ ለዚህ ሙያ ለይቶ ቢያስቀምጥ እላለሁ፤ ሠልጥኖም ቦንጋ እንዲመለስ።