መስመር ሁሉ መልስ ነው

ተመራቂዎች፣ ዕፅዋትንና እንስሳትን ሳይንስ በሚጠይቀው ጥንቃቄ መሳል ተምራችሁ ለዚህ ቀን በቅታችኋል። ስልክ የያዘ ሁሉ ፎቶ አንሺ በሆነበት ዘመን ይህ ሙያ ምን ይሠራል የሚል ጥያቄ ከዛሬ ጀምሮ ደጋግሞ ይቀርብላችኋል። የእኔ መልስ አጭር ነው፤ ሳያስተውሉ ፎቶ ማንሳት ይቻላል፣ ሳያስተውሉ መሳል ግን አይቻልም። ስለዚህ የተማራችሁት የማስጌጥን ጥበብ ሳይሆን የማወቅን መንገድ ነው።

ማስረጃውን ከቅርብ ልጀምር። ልጆች በእንቁጣጣሽ ስለው በየቤቱ የሚያድሏትን አደይ አበባ የማያውቅ የለም። ይሁን እንጂ አንድ አበባ የምትመስለን አደይ በእውነቱ የብዙ አበቦች ስብስብ ናት። ዙሪያዋን የከበቡት ቢጫ ቅጠል መሳዮች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ አበባ ሲሆኑ፣ መሐል ላይ ያለው ክብም በጥቃቅን አበቦች የተሞላ ነው። በዚያ ላይ አደይ ብለን የምንጠራት አንዲት ዝርያ ብቻ አይደለችም፤ ቢደንስ ከሚባለው ወገን የሆኑ የተለያዩ ዝርያዎች በዚሁ ስም ይጠራሉ። በሰፈራችን በጀሞ ኮንዶሚኒየሞች ጣሪያ ላይ የሚያርፈውን ቁራም እንመልከት። ነጩ ምልክት ማጅራቱ ላይ ብቻ ከሆነና መንቆሩ ወፍራም ከሆነ፣ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የማይኖረው ቁራ ነው። ነጩ አንገቱን ዞሮ ደረቱን ካለበሰ ግን በአብዛኛው አፍሪካ የተሰራጨው ሌላው ዝርያ ነው። በዓይን ብቻ የሚያልፍ ሰው ሁለቱንም ቁራ ብሎ ይሄዳል። እርሳስ የያዘ ሰው ግን ነጩ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ሳይወስን እጁን ማንቀሳቀስ አይችልም። ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው እያንዳንዱ መስመር ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

ካሜራ ይህን ሁሉ በሰከንድ ያደርገዋል የሚሉ አሉ። ካሜራ ቀለምንና ጊዜን በመያዝ ረገድ የሚናቅ መሣሪያ አይደለም፤ እናንተም ትጠቀሙበታላችሁ። ነገር ግን ፎቶ የሚያሳየው አንዱን ተክል ነው፤ ትል የበላውን ቅጠሉንና ያጋደለውን ግንዱን ሳይቀር። የሳይንስ ሥዕል ብዙ ናሙናዎችን አስተያይቶ የዝርያውን መለያ ያወጣል፤ አበባውን፣ የተሰነጠቀውን ፍሬና በአጉሊ መነጽር ብቻ የሚታየውን ፀጉር ከነመጠናቸው በአንድ ገጽ ያሰልፋል። የአዲስ አበባና የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲዎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1980 እስከ 2009 የደከሙበት፣ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን የያዘው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ጽሑፉን በመስመር ሥዕሎች ያስደገፈው ለዚህ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ሙግት ሠዓሊ ሊዋሽ ይችላል የሚለው ነው። እውነት ነው፤ እጅ የለመደውን ይስላል፣ ዓይንም የተመኘውን ያያል። መድኃኒቱ ናሙናውን ማስቀመጥ፣ መጠኑን ማመልከት፣ ቦታውንና ቀኑን መጻፍ፣ በስምም መፈረም ነው። የፊርማን ዋጋ የሚያስረዳ ታሪክ ከጎንደር እናገኛለን። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ወደ አገራችን ሲመጣ ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል የቦሎኛ ሠዓሊ አብሮት ነበር። ባሉጋኒ ዕፅዋታችንን ሲስል ቆይቶ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1771 እዚያው ጎንደር ሞተ። ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ እንሰትና ኮሶን የመሳሰሉትን ለአውሮፓ ሲያስተዋውቅ ሥዕሉን ለራሱ አደረገ፤ ባሉጋኒ ከእርሱ ጋር የዓባይ ምንጭ ድረስ መሄዱንም ሸሸገ። የሠዓሊው ወረቀቶች ግን አልጠፉም። ተመራማሪዎች መርምረው በ1991 በስሙ አሳተሟቸው። መጽሐፉ የካደውን ሰው የሥራው ወረቀት ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ መሰከረለት። ሆኖም ወረቀቶቹ ያሉት በአሜሪካ፣ በዬል ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የራሱን ተክል በራሱ እጅ ያልሳለ አገር ለማየት ባሕር ይሻገራል።

የመጨረሻው ጥያቄ የእንጀራ ነው፤ ወላጆችም ቢጠይቁ አልፈርድም። ለሳይንስ ሠዓሊ የሚወጣ የሥራ ማስታወቂያ ብዙ አይደለም፤ ይህን መሸፋፈን እናንተን ማታለል ይሆናል። ሥራው ግን አለ። የተማሪ መጻሕፍት ልጁ ደጁ ላይ የሚያገኘውን ተክል የሚያሳይ ሥዕል ያስፈልጋቸዋል። የግብርና ባለሙያ ለገበሬው አረሙን ከሰብሉ የሚለይ፣ የተባዩንም ዕድገት በየደረጃው የሚያሳይ ገጽ ይሻል። ጉለሌን የመሰለ የዕፅዋት ማዕከልም ጎብኚውን የሚያስተምር ሥዕል ቢበዛለት እንጂ አይበዛበትም። ሥራው ፈልጎን እስኪመጣ ከመጠበቅ፣ እነዚህን በሮች ሠርታችሁ ባሳያችሁት ገጽ አንኳኩ።

አደራዬም ከዚህ ይነሣል። በጀሞ ሕንፃዎች መካከልና በየወንዙ ዳር የሚበቅለውን በየወቅቱ ሳሉ። ከምትስሉት ተክል ናሙና አድርቃችሁ አራት ኪሎ ላሉት የብሔራዊ ሄርባሪየም ባለሙያዎች አሳዩ፤ ሲያርሟችሁ አትቀየሙ፣ እርማቱ የሥራው ግማሽ ነውና። ያልቆጠራችሁትን አትሳሉ፤ የሳላችሁትን ሳትፈርሙ አታውጡ። የዚህ ሰፈር ዕፅዋትና አዕዋፍ የራሳቸው የሥዕል መጽሐፍ እንዲኖራቸው ዕቅዱን ዛሬ፣ ሁላችሁም አብራችሁ ሳላችሁ ጀምሩት። እጃችሁን ቁርጥማት አይንካው!