ጧሪዋንስ ማን ያግዛት?

አቅራቢዋ፦ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ፣ ፈረስ ላይ ጉብ ያሉትን አባቶች እያየን እንኮራለን። እኔን የሚያሳስበኝ ማግስቱ ነው። ፈረስ መጫን ያቃታቸው፣ ከአልጋ የማይወርዱትስ በማን እጅ ናቸው?

አቅራቢው፦ በልጅ፣ በምራት፣ በልጅ ልጅ እጅ ነዋ! ጡረታ እንደሁ ደመወዝተኛ ለነበረ ነው። የዳንግላን ገበሬ 60 ሞላህ ብሎ የሚሸኘው የለም፤ ጉልበቱ ሲከዳው ብቻ ያርፋል።

አቅራቢዋ፦ እስቲ የምራቷን ውሎ እንየው። የእንጅባራ ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ሌሊት ተነስታ አማቷን ደግፋ ደጅ ታወጣለች። ማለዳ እሳት አያይዛ፣ ውሃ አሙቃ እግራቸውን ታጥባለች፤ አጥሚቱን በማንኪያ ታጎርሳለች። ከዚያ ወደ ድንች ማሳው። እሷን ወገቧን ሲያማት ማን ጠየቃት? ይህ እኮ ከባድ ሥራ ነው ወንድሜ!

አቅራቢው፦ እውነትሽን ነው። ወንዶቹ ልጆች ብር ልከን ጦርን እንላለን። ብሩ ይጠቅማል፤ አባትን አገላብጦ ግን አያስተኛም።

አቅራቢዋ፦ ሕጉም ዝም አላለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ያዛል፤ የቤተሰብ ሕጉም ልጅ የተቸገረ ወላጁን እንዲቀልብ ያስገድዳል። ጧሪዋን አስታውሶ የሚያሳርፋት ግን አላየሁም።

አቅራቢው፦ እድሩ ይጀምረው! ለቀብር ድንኳን እንደሚተክል ሁሉ፣ በቁም ሳሉም አዛውንቱ ዘንድ የሚውል ተረኛ ይመድብ።

አቅራቢዋ፦ ከእድሩ በፊት ወንድሞች ይቅደሙ። ቅዳሜን እነሱ ከአባታቸው ጋር ይዋሉ፤ እሷ ገበያዋን ትውጣ።