የሕፃን ፈገግታ፦ መልስ የሚሻ ጥሪ



አራስ ልጅ በእንቅልፉ ፈገግ ሲል «መልአክ እያጫወተው ነው» ሲባል ሰምተን አድገናል። ተመራማሪዎችም ይህን ፈገግታ ከኋለኛው ለይተው ያዩታል፤ ወደ ሰው የተላከ አይደለምና። ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ግን ሕፃኑ ነቅቶ ሳለ የሰው ፊት አይቶ ፈገግ ማለት ይጀምራል። በ3ኛው ወይም በ4ኛው ወር ገደማ ድምፅ ያለው ሳቅ ይከተላል። ዓይነ ስውር ሆነው የተወለዱ ሕፃናት ሳይቀሩ የእናታቸውን ድምፅ ሲሰሙ ፈገግ ይላሉ። እንግዲህ ፈገግታ አይቶ የሚቀዱት ነገር አይደለም፤ ከልጁ ጋር ይወለዳል። የሚጸናው ግን መልስ ሲያገኝ ነው።

የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ የሕፃን ፈገግታ የደስታው ምልክት ብቻ ሳይሆን ወደ ሌላ ሰው የሚላክ ጥሪ ነው።

ኤድዋርድ ትሮኒክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ እናቶች ለጥቂት ደቂቃዎች ስሜት አልባ ፊት ይዘው በልጆቻቸው ፊት እንዲቀመጡ አደረጉ። ሕፃናቱ በፈገግታ እናታቸውን ለመመለስ ደጋግመው ሞከሩ፤ መልስ ሲያጡም ፊታቸውን አዞሩ።

ሳቅም እንዲሁ ከሰው ጋር የተሳሰረ ነው። እናት ፊቷን በነጠላ ሸፍና ድንገት ስትገልጥ ልጇ ይፍለቀለቃል። ያንኑ ድርጊት የማያውቀው ሰው ቢፈጽመው ሊያለቅስ ይችላል። ድንጋጤን ወደ ሳቅ የሚለውጠው ልጁ በሰውየው ላይ ያለው እምነት ነው።

ታዲያ ጥሪው መልስ ሲያጣ ምን ይሆናል? በጽኑ የምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ይደነዝዛል፤ መጣራቱን ይተዋል። በድባቴ የተያዘች እናትም መመለስ ይሳናታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለጽኑ የምግብ እጥረት ሕክምና ካወጣቸው 10 ደረጃዎች 9ኛው ልጁን በጨዋታና በፍቅር ማነቃቃት የሆነው በከንቱ አይደለም። እኛ ግን ዝም ያለውን ልጅ «ጨዋ ነው፣ አያስቸግርም» ብለን እናመሰግነዋለን። ዝምታው አንዳንዴ ጨዋነት ሳይሆን ተስፋ መቁረጥ መሆኑን ልብ አንልም።

በአገራችን ሕፃናት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይከተባሉ። ፈገግታና ሳቅ የሚጠበቁትም በዚሁ ወቅት ነው። ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ሊዘገይ እንደሚችል ታሳቢ አድርጎ፣ የጤና ባለሙያው እናቲቱን ሁለት ጥያቄ ቢጠይቃት ወጪ የለውም፦ «ልጅሽ ፈገግ ይልልሻል? አንቺስ እንዴት ነሽ?» ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው አያንስም፤ ለልጁ ጥሪ መልስ የምትሰጠው እርሷ ናትና።