የቫይረሱ ቁጥር ሲበዛ ጉበት አለቀ ማለት ነው?

(ለወጣቶች ክበብ አባላት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የማወራችሁ ሄፓታይተስ ቢ ስለሚባለው የጉበት ቫይረስ ነው። መነሻ የሆነኝ ደም ሊለግስ ሄዶ ቫይረሱ እንዳለበት የተነገረው አንድ ወጣት ነው። ለወራት ለማንም ሳይናገር ቆየ። «ምንም አያመኝም እኮ፣ ኳስም እጫወታለሁ» ይል ነበር። በኋላ በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ሲለካ ቁጥሩ በሚሊዮን ሆነ። ወረቀቱን ይዞ መጣና «በቃ፣ ጉበቴ አልቋል!» አለኝ።

አላለቀም ነበር። ሄፓታይተስ ቢ ከስድስት ወር በላይ በደም ውስጥ ከቆየ ሥር የሰደደ ይባላል። በጨቅላነታቸው ከተያዙት አሥር ልጆች ዘጠኙ ያህሉ ቫይረሱን ይዘው ያድጋሉ፤ ካደገ በኋላ የተያዘ ጤነኛ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ያስወግደዋል። ጉበትን በዋናነት የሚጎዳው ቫይረሱ ሳይሆን ሰውነታችን ከቫይረሱ ጋር የሚገጥመው ግብግብ ነው። በሕፃንነቱ በተያዘ ወጣት ይህ ግብግብ ገና ላይጀመር ይችላል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሰማይ ነክቶ ጉበቱ ብዙም ሳይጎዳ ይገኛል። በተቃራኒው ቁጥሩ ዝቅ ያለ፣ ጉበቱ ግን ጠባሳ የሞላበት ሰውም አለ።

ታዲያ መለካቱ ምን ይጠቅማል? ትሉኝ ይሆናል። በታይዋን ከ3,600 በላይ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለና በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን የጉበት ካንሰር ሥጋትም እንደሚጨምር አሳይቷል። ስለዚህ ቁጥሩ ችላ አይባልም፤ ብቻውንም አይነበብም። የዓለም ጤና ድርጅት የ2024 እ.ኤ.አ. መመሪያ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ2,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት በላይ ቫይረስ ያለውና የጉበት ኢንዛይሙም ከመደበኛው ያለፈ አዋቂ ሕክምና እንዲጀምር ይመክራል። ጉበቱ ጉልህ ጠባሳ ካበጀ ወይም ኤች አይ ቪም ካለበት ግን ቁጥሩ አይጠበቅም። ቴኖፎቪር የተባለው መድኃኒት ሁለቱንም ቫይረሶች ይይዛል። ታዲያ «ተሽሎኛል» ብሎ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ የጉበቱን ቫይረስ እንደገና ሊያስነሳው ይችላል፤ አደራ!

የዚያ ወጣት ኢንዛይም ደህና ነበር፤ ጠባሳም አልተገኘበትም። መድኃኒት ሳይሆን ቀጠሮ ተሰጠው። ምርመራው በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ከቀበሌው ሩቅ ይጓዛል። ባለፈው ሲመጣ ሁለት እህቶቹን አስከትሎ ነበር። ሁለቱም ተመረመሩ፤ ታናሽየዋ ነፃ ስለሆነች የመጀመሪያውን ክትባት ያን ዕለት ወሰደች።