ክዳኑን አይታችኋል?

ዛሬ ስለ ሌላ ጉዳይ ላወራችሁ ነበር ያሰብኩት። የላካችኋቸውን መልእክቶች ሳገላብጥ ግን ያው የለመድኩት ጥያቄ ተደርድሮ ጠበቀኝ። «የቆየ መርሰዲስ አግኝቻለሁ፣ ከባለቤቱም ጋር ተስማምተናል፣ ለዕለት መመላለሻ ይሆነኛል ወይ?» አንዱ ከጎሮ ነው፣ አንዷ እህታችን ከአያት፣ አንድ አባት ደግሞ ከደብረ ብርሃን። እንግዲህ ዛሬ ልመልሰውና ይውጣልን።

መልሴ «ይሆናል» ነው። እኔም ጠዋት ማታ የምመላለሰው በእሷው ነው፣ ስለዚህ አያዋጣም ብዬ ባወራ የመኪና ማቆሚያው ጠባቂ ይታዘበኛል። ነገር ግን አንድ ነገር አለ። እሱን ሳትሰሙ ጣቢያ እንዳትቀይሩ።

ሰው ለምን ወደ አሮጌ መኪና እንደዞረ አልዘረዝርም። የ2012ቱን የኤክሳይዝ ታክስም፣ በ2016 የመጣውን የነዳጅ መኪና ክልከላም ከእኔ ይልቅ ኪሳችሁ ያውቀዋል። የትኛዋን መርሰዲስ እንደምል ብቻ ልንገራችሁ። ደብልዩ 124 የሚሏትን ነው፤ ባለ አንድ መጥረጊያዋን። በፈረንጆቹ 1984 መጨረሻ ወጥታ ሴዳኗ እስከ 1995 ተሠርታለች። ሁሉም ዓይነቷ ሲደመር ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በላይ ነው።

ዝናብ ሲጥል መጥረጊያዋን ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደ ሌላው መኪና ግማሽ ክብ ሠርታ አትመለስም። ወደ ላይኛው ጥግ ስትደርስ ክንዷ ይረዝማል፣ መሐል ላይ ይሰበሰባል፣ ወደ ሌላው ጥግ ሲሄድ እንደገና ይዘረጋል። በአንድ መጥረጊያ ከፊት መስታወቱ 86 በመቶውን ታጸዳለች። ለአንድ መጥረጊያ ይህን ያህል የተጨነቀ መሐንዲስ ለሞተሩ ምን ያህል እንደተጨነቀ እናንተው አስቡት። ታዲያ እንዲህ ተጠንቅቆ የተሠራን መኪና ገዝቶ፣ የጎደለውን የራዲያተር ውሃ ከቧንቧ በሃይላንድ ቀድቶ የሚሞላን ሰው ምን ልበለው?

ዋናው ነገር ደረሰ። እነዚህን መኪኖች የሚገድላቸው ዕድሜ አይደለም፤ ሙቀት ነው። ሙቀቱን የሚያመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሞተሩ ውስጥ ያለ ትልቅ ብልሽት አይደለም። የውሃው ክዳን ነው። አዎ፣ ክዳኑ! የራዲያተር ውሃ የምትሞሉበት ዕቃ ላይ ያለችው ያቺ ትንሽ ክዳን።

«ይሄ ሰውዬ ስለ ክዳን ነው እንዴ የሚያወራን» እንዳትሉኝ፣ ታገሱኝ።

አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ድስት ከፍታችሁ ውሃ ብትጥዱ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ አይደለም፤ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። የመኪናዋ ቴርሞስታት ደግሞ የሚከፈተው 87 ዲግሪ አካባቢ ነው። በጤናዋ ቀን፣ ምንም ሳትታመም፣ ሞተሯ የሚሠራው ከ80 እስከ 100 ባለው መሐል ነው። እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት። ውሃው ክፍት ቢሆን ኖሮ ጤነኛ ሞተር ገና ቦሌ ሳይደርስ ይፈላ ነበር።

የማይፈላው ስለታፈነ ነው። ክዳኑ ላይ 140 ወይም 120 የሚል ቁጥር አለ፤ 1.4 ወይም 1.2 ባር ግፊት ይይዛል ማለት ነው። ግፊቱ ሲያዝ መፍሊያው ከ92 ተነስቶ 120 አካባቢ ይደርሳል። ያን ሁሉ ልዩነት የምትሰጣችሁ ክዳኗ ናት። የክዳኗ ጎማ ሲደርቅ፣ የውስጧ ስፕሪንግ ሲደክም፣ ግፊቱ ይተነፍሳል። ያኔ መኪናዋ ሌላ ሕመም ሳይኖርባት ትፈላለች።

ይባስ ብሎ የሙቀት ጌጁ አይነግራችሁም። ፋብሪካው ቀዩን ምልክት ያስቀመጠው ክዳኑ ሥራውን ይሠራል ብሎ ነው። ስለዚህ ውሃው 92 ላይ ሲንፈቀፈቅ ጠቋሚው መሐል ላይ ደህና ተቀምጧል። ውሃው ተተፍቶ ካለቀ በኋላ ደግሞ ሴንሰሩ የሚነካው ፈሳሽ ስለሚያጣ ጠቋሚው ጭራሽ ሊወርድ ይችላል። ወደ ቀይ ቢሄድ እንኳ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

የደብረ ብርሃኑ አባታችን፣ እርስዎ ይህን ያውቁታል ብዬ እገምታለሁ፤ መንገዱ የርስዎ መንገድ ነውና። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሲወጡ ኮፈኑን ከፍቶ የቆመ መኪና የማይታይበት ቀን የለም። የጣርማ በር ዋሻ ያለበት ቦታ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሞተሩም ዳገት ላይ ነው፣ ሙሉ ሰው ጭኗል፣ ከፊቱ የጭነት መኪና እየተጎተተ ነው። እንዲህ የቆመች ነጭ መርሰዲስ አይቼ ወርጄ ነበር። ሰውየው ቆሎ ከሚሸጡት ልጆች በጀሪካን ውሃ ገዝቶ ሊጨምር ነው። ክዳኗ በሶማሶማ ክር ታስራለች፤ ከሥሯ ደግሞ የፌስታል ቁራጭ ተደርጎላታል፣ እንዳታፈስ። ፌስታል! 1.4 ባር በፌስታል! ከውጭ ቀለሙ ያንጸባርቃል፣ ወንበሩ ላይ አዲስ ቆዳ ለብሷል፣ ጎማው ላይ ጌጠኛ ቸርኬ አለ። እንዲህ ተናድጄም አላውቅም።

ደግሞ አደራ፣ ሞተሩ ትኩስ ሆኖ ክዳኑን የምትከፍቱ። በጨርቅ ይዣለሁ አትበሉ። የታፈነው ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ ሊሆን ይችላል፣ ስትከፍቱት በአንድ አፍታ እንፋሎት ሆኖ ፊታችሁ ላይ ይወጣል። አጥፉት፣ ቆሎአችሁን ብሉ፣ ቱቦውን በእጅ መጨበጥ እስክትችሉ ጠብቁ።

አንድ ወንድማችን የላከልንን ላንብብላችሁ። «እኛ አገር ውሃ አይቀዘቅዝም። አንቱፍሪዝ ለበረዶ አገር ነው። መካኒኮች ሊበሉን ነው።» ወንድሜ፣ መካኒክ አይበላም አልልህም፤ በዚህ ግን አልበላህም። የሞተርህ ብሎክ ብረት ነው፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። ሁለቱ በባዶ ውሃ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ብረቱ ይዝጋል፣ ዝገቱ የራዲያተሩን ቀጫጭን መንገዶች ይደፍናል። አንቱፍሪዙ ውስጥ ዝገት የሚከላከል መድኃኒት አለ፣ መፍሊያውንም ከፍ ያደርጋል። ግማሽ በግማሽ በተጣራ ውሃ በጥብጠህ ሙላ። መድኃኒቱ እያደር ስለሚያልቅ ቀለሙ ቢያምርም በሁለት በሦስት ዓመት ቀይረው። የቧንቧ ውሃ ማዕድን አለው፤ የቤትህ ጀበና ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ሞተርህም ውስጥ ይጋገራል።

ሌላው ያስመረረኝ ነገር ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል ነው። መኪና ሞቀ ተብሎ ጋራዥ ሲገባ የመጀመሪያው ምክር እሱ ነው፤ «ይሄ የብርድ አገር ዕቃ ነው፣ አውጥተን ብንጥለው ይሻላል።» በእነዚህ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሥራው ሁለት ነው። ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን በር ይከፍታል፣ በዚያው ቅጽበት ራዲያተር ሳይነካ የሚመለሰውን አቋራጭ ይዘጋል። ስታወጡት አቋራጩ ክፍት ይቀራል። ከውሃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይዞራል። ሜዳ ላይ ደግሞ ሞተሩ አልሞቅም ብሎ ቤንዚን ይጠጣል። ከዚያ «መርሰዲስ ነዳጅ ትበላለች» ተብሎ ስሟ ይጠፋል። መካኒኬ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ እንዲህ ያለች መኪና ስትመጣላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት «ማነው ያወጣው?» ብለው ነው። ባለቤቱ መሬት መሬት ያያል።

ለምን ይህን ያህል ሙቀት ላይ እንደማተኩር ግልጽ ይሁን። ባለ ስድስት ሲሊንደሯ ቴስታታ ረጅም ነው። ረጅም አሉሚኒየም አንዴ ከሞቀ ይጎብጣል። ጓርኒሲዮኑ ይሄዳል፣ ሞተር ይወርዳል፣ ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጋል፣ ከሶማሌ ተራ ዕቃ ፍለጋ ትንከራተታላችሁ፣ ኦሪጅናል ነው የተባለው ኦሪጅናል አይሆንም። መኪናዋ ወር ትቆማለች፤ እናንተ ታክሲ ሰልፍ ላይ። ያ ሁሉ የሚነሳው ከአንዲት ክዳን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

ከአያት የጻፍሽልን እህቴ፣ አንቺ ገና ልትገዢ ነሽ፣ ዕድለኛ ነሽ። ለሻጩ «ጠዋት ነው የምመጣው፣ እንዳታስነሳት» በዪው። አስነስቶ አሙቆ ከጠበቀሽ ጥርጣሬ ይግባሽ። ቀዝቃዛ እንዳለች ክዳኑን ክፈቺ። ቡኒ ዝገት ካየሽ ባዶ ውሃ ስትጠጣ ኖራለች። ዘይት ተንሳፍፎ ካየሽ ተሰናብተሽ ሂጂ። ከዚያ ትነሳና የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ጨብጪው። ገና ሳትሞቅ፣ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ተነፍቶ ከደረቀ፣ የሲሊንደር ግፊት ወደ ውሃው እየገባ ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ሄዷል። በመጨረሻ ራዲያተሩን እዪው። ቱቦው የሚገባበት አንገት ፕላስቲክ ነው፣ ከዕድሜ ብዛት ይደርቅና አንድ ቀን ቀለበት መንገድ ላይ ቀጭ ይላል። ተሰንጥቆ በማስቲሽ የተጣበቀ ከሆነ ዋጋውን ቀንሺ። ሻጩ ስለ ቀለሙና ስለ ቴፑ ሲያወራሽ ዝም ብለሽ ስሚው፣ እጅሽን ግን ከቱቦው ላይ አታንሺ።

ኧረ ሰዓቱ! የቴክኒክ ባለሙያችን በመስታወቱ እጁን እያወዛወዘ ነው። የቀረውን በሩጫ ልንገራችሁ።

ቬንትሌተሩ በብዙዎቹ ላይ ሲሞቅ የሚይዝ፣ ሲቀዘቅዝ የሚለቅ ክላች አለው። ሞቆ ከጠፋ በኋላ በእጅ ስታዞሩት ያለ ምንም መከላከል የሚሽከረከር ከሆነ ክላቹ ሞቷል፣ መንገድ ሲዘጋጋ ትሞቃለች። የኤሌክትሪኩን ቬንትሌተር አትንኩ፣ እሱ በራሱ ሊነሳ ይችላል።

ጎማ። ጥርሱን ብቻ አትዩ። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ አለ፤ 2319 ቢል በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ የሸመገለ ጎማ በክረምት ይከዳል።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ በሁለት ዓመት ቀይሩት። የእንጦጦን ቁልቁለት የምትወርዱ በተለይ።

በፈረንጆች ከ1993 እስከ 1995 የተሠሩትን የምትገዙ፣ የሞተሩን ሽቦ አስፈትሹ። የዚያን ዘመን የሽቦ ሽፋን ሙቀት ላይ ይፈረፈራል፤ መኪናዋ ያለ ምክንያት ስትንቀጠቀጥ ካንዴላ እየቀያየራችሁ ገንዘብ አትጨርሱ።

ስለ ካምቢዮ ዘይት የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ፣ እሱ ራሱን የቻለ ቀን ይፈልጋል፣ በሌላ ጊዜ። ኤሌክትሪክ መኪና ይሻላል ወይስ ይሄ ያላችሁኝም እንደዚያው፤ ጠብ ልታስጀምሩኝ ነው።

ይኸው አሁን የገባ አንድ መልእክት አለ፣ ከአዳማ። «የእኔ ናፍጣ ናት፣ ክዳኑ እሷንም ይመለከታል ወይ?» ይመለከታታል እንጂ! አዳማ ዝቅ ያለ ነው፣ ውሃው ትንሽ ዘግይቶ ይፈላ ይሆናል፤ ግን ወደ አዲስ አበባ ዳገቱን ትወጣባታለህ አይደል? ነገ ጠዋት ሳታስነሳት ክፈትና ጎማዋን በጣትህ ዳብሳት። ተሰንጥቃ ከሆነ ቁጥሩን አይተህ ያንኑ ቁጥር ግዛ። ዜና አንባቢዋ ገብታለች፣ ወንበሩን ልልቀቅላት።