የዕለት መዝገብ መጻፍ ለሰው ስለሚሰጠው ጥቅም

በኢዮቤልዩው በዓል በመካነ ኢየሱስ ለተሰበሰቡት ካህናትና ምእመናን የተነገረ ቃል



ኢዮቤልዩ የመቍጠር በዓል ነው። ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ ሃምሳኛው ሲደርስ፥ ያለፈው ዘመን ሁሉ ተሰብስቦ በሰው ፊት ይቆማል። ነገር ግን በእንዲህ ያለ በዓል በየደብሩ የሚታይ አንድ ነገር አለ። ሽማግሌዎች ስላለፈው ነገር ሲጠየቁ አንዱ፥ ያ የሆነው በድርቁ ዓመት ነው ይላል፤ ሁለተኛው፥ የለም፥ ከዚያ በፊት ነው ይላል፤ ሦስተኛውም የሁለቱን ትቶ የልጁን ክርስትና ምልክት አድርጎ ይቈጥራል። ሦስቱም ሐሰተኞች አይደሉም፤ ያልተጻፈ ቀን ምስክር ስለሌለው ጠፋባቸው እንጂ። ብዙ ሰው በአንድነት ያየው የደብር ቀን እንዲህ የሚጠፋ ከሆነ፥ አንድ ሰው ብቻውን ያየው የገዛ ራሱ ቀንማ እንዴት አይጠፋም?

ስለዚህ የዛሬው ቃል ስለ ዕለት መዝገብ ነው። የዕለት መዝገብ ማለት ሰው ማታ ከመተኛቱ በፊት በዚያ ቀን ያደረገውን፥ ያየውንና ያሰበውን በጥቂት መስመር በደብተር የሚያኖርበት ጽሑፍ ነው። ይህ ነገር ለነገሥታትና ለታላላቅ ሰዎች የተተወ ይመስላል፤ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ታሪኩን ሌላ ማንም ለማይጽፍለት ሰው ነው።

ይህ ልማድ ከሩቅ አገር የመጣ አዲስ ነገር የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ ጥር 22 ቀን መታሰቢያው የሚከበረውን አባ እንጦንስን ያስብ። ቅዱስ አትናቴዎስ በአራተኛው መቶ ዓመት በጻፈው የእንጦንስ ታሪክ ውስጥ፥ ታላቁ መነኵሴ ደቀ መዛሙርቱን ሲመክር፥ እያንዳንዱ ሥራውንና የነፍሱን እንቅስቃሴ ለባልንጀራው እንደሚናገር አድርጎ ይጻፍ አላቸው። ምክንያቱም ሰው እየታየ ኀጢአት መሥራትን ያፍራልና፥ የሠራው ሲጻፍም እንዲሁ ያፍራል፤ ብቻውን ለሚኖር ሰው ጽሑፉ በወንድሞቹ ዓይን ፈንታ ይቆምለታል ማለት ነው። ደግሞ የሲና ገዳም አበምኔት የነበረው፥ የመንፈሳዊ ሕይወትን መሰላል በጻፈው መጽሐፍ የታወቀው ዮሐንስ፥ በእስክንድርያ አጠገብ ባለ ገዳም ያየውን ይነግራል። በዚያ የማዕድ ቤት አገልጋይ የነበረ አንድ መነኵሴ ትንሽ መጻፊያ በመታጠቂያው አንጠልጥሎ ይዞር ነበር፤ በየቀኑ የመጣበትን ሐሳብ እየጻፈ ለአበምኔቱ ያቀርብ ነበር። ያ ሰው በማዕድ አገልግሎት ውሎ ለነፍሱ ጊዜ አላጣም።

ከክርስቲያን ወገን ያልነበረው የሮም ንጉሥ ማርቆስ አውሬልዮስም፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ161 እስከ 180 የነገሠው፥ በጦር ሰፈር ሆኖ ሳለ ለራሱ ምክር ይጽፍ ነበር። ጽሑፉም 12 ክፍል ሆኖ እስከ ዛሬ ይነበባል። ሺሕ ሰው የሚያዝዝ ንጉሥ በዚያ ጽሑፍ የሚገሥጸው የገዛ ራሱን ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ አባቶች ቀን መጻፍን አላጡትም። በየአድባራቱ ባሉ ወንጌሎችና በሌሎችም ብራናዎች ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታ፥ የዕርቅ ውልና የንዋየ ቅድሳት ቍጥር ተጽፎ ይገኛል። ከ1674 እስከ 1698 ዓመተ ምሕረት በጎንደር የነገሡት የቀዳማዊ ኢያሱ ዜና መዋዕል ንጉሡ በስንት ቀን ከየት ተነሥተው የት እንደ ሰፈሩ እየቈጠረ ይናገራል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የንጉሥና የደብር ቀን ነው።

ለዚህ ምሳሌ ከዚሁ ከአካባቢው ይገኛል። በ1860 ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ወራት ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የተሠራውን፥ ሴባስቶፖል የተባለውንና ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን መድፍ ከደብረ ታቦር አስነሥተው፥ በጋይንት በኩል በጨጨሆ አድርገው፥ የበሸሎን ገደል አሻግረው ወደ መቅደላ አስጐተቱት። ድንጋይ እየተፈለጠ መንገድ እየተጠረገ ስለ ሆነ ጉዞው ወራት ፈጀ። ከጋፋት ፈረንጆች አንዱ የነበረው ዋልድማየር ያየውን ጽፏል፤ አለቃ ወልደ ማርያምም የንጉሡን ታሪክ ጽፈዋል። ገመዱን በትከሻው የሳበው ባላገር ግን፥ ከአዝመራው ተነሥቶ ሲሄድ ለሚስቱ ምን እንዳላት፥ ማታ በሰፈር እሳት ዳር ተቀምጦ ምን እንዳሰበ፥ በተመለሰ ጊዜ ቤቱን እንዴት እንዳገኘው መዝገብ አልተወም። መድፉ ዛሬም በመቅደላ አለ፤ የሳበው ሰው ሐሳብ ግን የለም።

የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነገርም ከዚህ የራቀ አይደለም። በጋይንት በቤተልሔም ድጓ የሚማር፥ በዙር አምባ ዝማሬና መዋሥዕት የሚያስመሰክር ሰው በዓመቱ ውስጥ ያለውን ቀን ሁሉ ከነዜማው ያውቃል። ስንክሳሩም በየዕለቱ የማን ዕረፍት፥ የማን ልደት እንደ ሆነ ይነግረዋል። በባሕረ ሐሳብም የሚመጣውን ፋሲካ አስቀድሞ ያወጣል። ይህ ሁሉ ሳለ፥ አምና በዚህ ቀን አንተ ምን አደረግህ? ተብሎ ቢጠየቅ መልስ ያጣል። የቅዱሳንን ቀን ሁሉ ጠብቆ የራሱን ቀን ሳይጠብቅ ቀረ። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ተረት ለሌላው ያስተምራል፤ ለራሱ ግን አላደረገውም።

በቅኔውም እንዲሁ ነው። ትናንት የተቀኙትን ዛሬ መድገም በቅኔ ቤት ነውር ነውና፥ ቅኔ ሁልጊዜ የዕለቱ አዲስ ፍሬ ነው። ስለዚህም ሰሚ ይዞ ካልጻፈው ከማኅሌቱ ጋራ ያልፋል። አለቃ ለማ ኃይሉ ስለ ሊቃውንቱ ኑሮና ስለ ቅኔያቸው በልባቸው የያዙትን ልጃቸው መንግሥቱ ለማ ከአፋቸው ተቀብለው በ1959 ዓመተ ምሕረት በመጽሐፈ ትዝታ ባያወጡት ኖሮ፥ ያ ሁሉ ሀብት ከእርሳቸው ጋራ በተቀበረ ነበር። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ደግሞ ከ1896 እስከ 1922 ዓመተ ምሕረት ያዩትንና የሰሙትን ራሳቸው ስለ ጻፉ፥ ካረፉ በኋላ በ1999 ዓመተ ምሕረት መጽሐፋቸው ታትሞ ለትውልድ ደረሰ። የመጀመሪያውን ልጅ አዳነው፤ ሁለተኛውን የገዛ ብዕር አዳነው። እንደዚህ ያለ ልጅ ለሁሉ አይሰጥም፤ ብዕር ግን በሁሉ እጅ አለ።

እንግዲህ ለሚጽፈው ሰው ጥቅሙ ምንድር ነው?

ፊተኛው ጥቅም ራስን ማወቅ ነው። የቅኔ ተማሪ ብቻውን ወጥቶ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ኋላም ወደ መምህሩ ቀርቦ ይነግራል፥ መምህሩም ያርመዋል። ሳይቈጥር የመጣ ተማሪ የሚነግረው የለውም፤ ያልተነገረም አይታረምም። የንስሐም ነገር እንዲሁ ነው። ሰው በጾም መጨረሻ ወደ ነፍስ አባቱ ሲቀርብ፥ ኀጢአተኛ ነኝ ከማለት በቀር ያደረገውን ለይቶ ለመናገር ይቸግረዋል፤ ቀኑ ሁሉ ተቀላቅሎበታልና። የዕለት መዝገብ ያለው ሰው ግን ቈጥሮ ይቀርባል። ቍጣው ሁልጊዜ ከገበያ በተመለሰ ማታ እንደሚነሣ፥ ሐሜቱም ከአንድ ወዳጅ ጋራ በተቀመጠ ቁጥር እንደሚመጣ ከጽሑፉ ያያል። ሥሩ የታወቀ አረም ይነቀላል፤ ቅጠሉ ብቻ የታየ ግን ተመልሶ ይበቅላል።

እንበልና ሁለት ጎረቤቶች በድንበር ተጣልተው ከሦስት ዓመት በኋላ ሽማግሌ ፊት ቆሙ። አንደኛው የዕለት መዝገብ ነበረውና፥ የባልንጀራውን በደል አስረጅ ለማምጣት ደብተሩን ገለጠ። ሲገልጥ ግን፥ ጎረቤቱ ድንጋዩን ገፋ ከተባለበት ቀን አስቀድሞ የጻፈው ሌላ መስመር ተገኘ፤ ዛሬ በሬው ታሞበት በሬዬን ቢለምነኝ ከለከልሁት ይላል። ይህን ፈጽሞ ረስቶት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ተበዳይ ነኝ ሲል የኖረው ሰው የጠቡ መጀመሪያ ከእርሱ እንደ ሆነ በገዛ እጁ ጽሑፍ አነበበ። ሰው የተደረገበትን አይረሳም፥ ያደረገውን ግን ይረሳል፤ መዝገብ ይህን አድልዎ ያቀናል። እንዲህ ያለ ሰው ሽማግሌዎቹ ሳይፈርዱ ይታረቃል።

ሁለተኛው ጥቅም የኀዘን መቅለል ነው። ለቅሶ ሲሆን ሰው ይሰበሰባል፤ ነገር ግን ከሠልስቱ በኋላ፥ ከአርባውም በኋላ፥ ቤቱ ባዶ የሚሆንበት ሌሊት አለ። በዚያን ጊዜ ለሰው ለመናገር የሚከብደውን ወረቀት ይቀበለዋል። በ1986 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ለዚህ ይመሰክራል። ጄምስ ፔንቤከር የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ ከባልደረባው ጋራ ሆኖ ተማሪዎችን በተከታታይ አራት ቀን፥ በየቀኑ 15 ደቂቃ፥ የደረሰባቸውን ከባድ ነገር እንዲጽፉ አደረገ። የሆነውንም የተሰማቸውንም አብረው የጻፉት በጽሑፉ ሰዓት አዘኑ፤ በኋላ በነበሩት ወራት ግን ስለ ቀላል ነገር ከጻፉት ይልቅ ወደ ሐኪም መሄዳቸው አነሰ። ጽሕፈት የሞተውን አይመልስም፤ ነገር ግን ኀዘኑን ከልብ ወደ ፊት አውጥቶ እንዲታይ ያደርገዋል፤ የሚታይ ሸክምም ከማይታየው ይቀልላል።

ሦስተኛው ጥቅም ለዕለት ኑሮ ነው። ዝናቡ በየትኛው ቀን እንደ ጀመረ፥ ጤፉ መቼ እንደ ተዘራ፥ ከማን ስንት ቁና ተበድሮ መቼ እንደ መለሰ የጻፈ ገበሬ፥ በሚመጣው ዓመት በግምት አይሠራም፤ ስለ ብድርም አይካካድም። ይህን መጻፍ ደግሞ ለምስጋና ያነሣሣል። የከፋው ቀን ሳይጻፍም ይታወሳል፤ በሬው የዳነበት፥ ልጅ ትምህርቱን የፈጸመበት፥ ጎረቤት ሳይጠራ መጥቶ ያጨደበት ቀን ግን ካልተጻፈ ይረሳል።

ይሁን እንጂ መልካም ነገር ሁሉ ያለ ጥበቃ ይበላሻል፤ ስለዚህ ሦስት ነገር መጠንቀቅ ይገባል። አንደኛ፥ መዝገቡ የቂም መዝገብ እንዳይሆን ነው። የሌላውን በደል የሚጽፍ ሰው በዚያው ገጽ የራሱን ድርሻ ካልጻፈ፥ በየማታው ቍስሉን ያክካል እንጂ አይድንም። ሁለተኛ፥ የውዳሴ ከንቱ መጽሐፍ እንዳይሆን ነው። የተቀበለውን ቸርነት ይጻፍ፤ የሰጠውን ምጽዋት አይጻፍ። ሦስተኛው ለካህናት የተለየ ነው። ካህን በንስሐ የሰማውን ነገር፥ ስምም ባይጠቅስ፥ በምንም መዝገብ ሊያኖር አይገባም። የልጁ ኀጢአት የልጁ ቀን ነው እንጂ የእርሱ ቀን አይደለም፤ ወረቀትም ከሞት በኋላ በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። ስለ ራሱም ቢሆን የከበደውን ነገር ጽፎ፥ ከተናዘዘ በኋላ ገጹን ማቃጠል የሚሻ ቢያቃጥል ነውር የለበትም፤ ጽሑፉ ሥራውን ፈጽሟልና።

አጻጻፉ ቀላል ነው። ብራና መዳመጥ፥ ቀለም መበጥበጥ የለም፤ አንድ ደብተርና አንድ ብዕር ይበቃል። ከማታ ጸሎት በኋላ ቀኑን ከነወሩና ከነዓመተ ምሕረቱ ጽፎ አራት ነገር ይጠይቃል፤ ዛሬ ምን ቸርነት ተደረገልኝ? ማንን አሳዘንሁ? ምን ተማርሁ? ለነገ ምን ቀረኝ? ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ይበቃዋል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ሆኖ ሙሉ ነገር ይይዛል፤ ቁም ነገሩ በርዝመት አይደለም። አንድ ማታ ቢያመልጥ በሚቀጥለው ይጀምራል እንጂ ተስፋ ቈርጦ አይተወውም። ፊደል ያልቈጠረች እናት ብትኖር ደግሞ የልጅ ልጇን አስቀምጣ ታጽፍ፤ እርሷ ቀኗን ታተርፋለች፥ ልጁም የአያቱን ልብ ይማራል።

የሚጻፈው ቀን በሚጻፍበት ማታ ከንቱ ሊመስል ይችላል። ይህ በሰምና ወርቅ ይመሰላል። የቀኑ ነገር፥ መምጣት መሄዱ፥ መሸጥ መለወጡ፥ ሰም ነው፤ ወርቁ የሚታየው ቆይቶ ነው። ሰሙን ያልያዘ ግን ወርቁን የሚያፈስበት የለውም።

ሰው ሁሉ የኖረውን ዘመን አንድ ቀን መቍጠሩ አይቀርም። ማታ ማታ ጥቂት ጥቂት የቈጠረ ሰው በዚያን ቀን እንግዳ አይሆንበትም። ሌላው ኢዮቤልዩ ሲደርስ ዛሬ በዚህ ከተቀመጡት ብዙዎቹ አይኖሩም። በዚያን ጊዜ የሚጠየቁት በእናቶቻቸው ጭን ያሉት ሕፃናት ናቸው። መልሱን ካሁኑ ያገኙ ዘንድ፥ የዛሬው ቀን ዛሬ ማታ ይጻፍ።

ይቆየን።