የከተማ አውቶቡስ ቤት ሲሆን



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አሮጌ የከተማ አውቶቡስ ነው። አሮጌ አውቶቡስ ደግሞ ምን ወሬ አለው ትሉ ይሆናል። አለው እንጂ! በሰሜን አሜሪካ፣ ማለትም በዩናይትድ ስቴትስና በካናዳ፣ አገልግሎቱን የጨረሰ አውቶቡስ የሚገዙ ሰዎች አሉ። ወንበሮቹን ይነቅሉና አልጋ፣ ማድቤትና መታጠቢያ ያስገቡበታል። ከዚያ በኋላ ቤታቸውን እየነዱ ይሄዳሉ። አንዳንዱ ለዕረፍት ጊዜው ብቻ ይጠቀምበታል። ሌላው ደግሞ፣ በተለይ ጡረታ የወጣው፣ ያለ የሌለ ገንዘቡን አፍስሶበት ዓመቱን ሙሉ ይኖርበታል። በታኅሣሥና በጥር ብርዱ ሲጠና ወደ ደቡብ ይወርዳል። በአሪዞና ግዛት ኳርትዛይት የምትባል ትንሽ የበረሃ ከተማ አለች፤ በዚያ ወራት ዙሪያዋ በተሽከርካሪ ቤቶች ይሞላል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህ ነገር ቤትም ነው፣ መኪናም ነው። ጣራው ቢያፈስ ቤተ ሰቡ ይርሳል። ፍሬኑ ቢበላሽ ግን ቤተ ሰቡ ያልቃል። ስለዚህ እኛ ዛሬ ስለ መጋረጃና ስለ ምንጣፍ ብዙ አንናገርም። እሱን ባለቤቱ እንደ ወደደ ያድርገው።

ለመሆኑ አውቶቡሱ ከየት ይገኛል? በዩናይትድ ስቴትስ በፌዴራል መንግሥት ርዳታ የተገዛ ትልቅ የከተማ አውቶቡስ ቢያንስ 12 ዓመት ወይም 500,000 ማይል ማገልገል አለበት። ይህ ወደ 800,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ምድርን በወገቧ ሃያ ጊዜ መዞር ማለት ነው እኮ! ያውም ባንድ ትንፋሽ የተሄደ መንገድ አይደለም፤ በየፌርማታው እየቆሙ፣ እየተነሡ፣ ሰው እያወረዱና እየጫኑ ነው። ከዚያ በኋላ አውቶቡሱ በጨረታ ይሸጣል። ዋጋው ርካሽ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ገዢው ርካሽ አገኘሁ ብሎ ከመደሰቱ በፊት ምን እንደ ገዛ ማወቅ አለበት።

አንድ ዓይነት አውቶቡስ ለምሳሌ እንውሰድ። ጄኔራል ሞተርስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ «ኒው ሉክ» የሚባል የከተማ አውቶቡስ ይሠራ ነበር። ትርጉሙ «አዲስ መልክ» ነው። በዩናይትድ ስቴትስ እስከ 1977፣ በካናዳ ደግሞ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ተሠርቷል። በጠቅላላው ከ44,000 በላይ ወጥቷል። የፊት መስታወቱ ከስድስት ቁራጭ የተሠራና ወደ ውጭ ያበጠ ስለ ነበረ፣ ሕዝቡ ዓሣ ከሚቀመጥበት ክብ ብርጭቆ ጋር እያመሳሰለ ስም አውጥቶለት ነበር። ከአውቶቡሶቹ የተረፉት ዛሬ በሙዚየሞችና በግለሰቦች እጅ ይገኛሉ። ከነዚህ ውስጥ ቤት የሆኑ አሉ።

የጭነት መኪና ሻንሲ አለው። ሻንሲ ማለት ከሥር የተዘረጋው ወፍራም ብረት ነው፤ ሸክሙን ሁሉ የሚችለው እሱ ነው። ኒው ሉክ ግን እንዲህ ያለ ሻንሲ የለውም። አሠራሩ እንደ አውሮፕላን ነው። በሪቬት የተያያዘው የአሉሚኒየም ልባሱ ራሱ ሸክሙን ይችላል። እንቁላልን አስቡ። ቅርፊቱ ስስ ነው፤ ነገር ግን ሙሉ እስከ ሆነ ድረስ በመዳፍ ጨብጠው ቢጫኑት በቀላሉ አይሰበርም። አንድ ቦታ ላይ ከተበሳ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ታዲያ አዲሱ ባለቤት መጋዙን ይዞ ይመጣል። እዚህ ጋ አዲስ መስኮት ይከፍታል፤ እዚያ ጋ የጋዝ ሣጥን በር ያወጣል፤ ጣራው ላይ ደግሞ ለአየር ማቀዝቀዣው ይቀዳል። እያንዳንዱ ቀዳዳ አውቶቡሱን ያደክመዋል። በእኛ አስተያየት ሳይቆረጥ ሊቀር የሚችል ነገር ሁሉ አለመቁረጡ ይሻላል። መቁረጥ የግድ ከሆነ ደግሞ ቀዳዳው ዙሪያውን በጠንካራ ፍሬም መታሰር አለበት። ይህ ሥራ የብረት ሥራ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፤ አናጢ ብቻውን አይወጣውም።

የኋላው በርም ጉዳይ አለ። የከተማ አውቶቡስ ሁለት በር አለው። ብዙ ሰዎች ቦታ ለማግኘት የኋላውን ዘግተው ቁም ሣጥን ያደርጉታል። እሺ፣ ይሁን። ነገር ግን አልጋው ከኋላ፣ ምድጃው ከመካከል ከሆነ፣ ሌሊት እሳት ቢነሣ የተኛው ሰው በየት በኩል ይወጣል? መልሱ የሚከፈት መስኮት ነው። ያውም ልጅም ሽማግሌም ከውስጥ ሊከፍተው የሚችል መሆን አለበት።

ዝገትን በተመለከተ፣ አሉሚኒየም እንደ ብረት አይዝግም። ይሁን እንጂ አሉሚኒየምና ብረት በተገናኙበት ቦታ፣ እርጥበትና ጨው ከገባ አንዱ ሌላውን ያስበላዋል። በሰሜኑ ከተሞች በረዶ ለማቅለጥ በመንገድ ላይ ጨው ይበተናል። ከዚያ አገር የመጣ አውቶቡስ ከላይ ቀለሙ ቢያምርም ከሥሩ የተበላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገዢው አሮጌ ልብስ ለብሶ፣ ባትሪና መዶሻ ይዞ፣ ከሥሩ ይግባ እንጂ ወንበር ላይ ተቀምጦ መሪ አይጨብጥ።

አሁን ወደ ክብደት እንሂድ። አውቶቡሱ 50 ሰው ይጭናል እንበል። አንዱ ሰው በአማካይ 70 ኪሎ ቢመዝን፣ በጠቅላላው 3,500 ኪሎ ይሆናል። እንግዲህ አልጋና ማድቤት መሸከም አያቅተውም። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሰዎቹ በግራም በቀኝም ተከፋፍለው ይቀመጡ ነበር። የቤት ዕቃ ግን ወዳንድ በኩል ይበዛል። ማቀዝቀዣው፣ ምድጃው፣ ማጠቢያውና የውሃ በርሜሉ በአንድ ግድግዳ ከተደረደሩ አውቶቡሱ ያዘነብላል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ 400 ሊትር የሚይዝ በርሜል ሲሞላ 400 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። በዚያ ላይ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ከወለሉ ሥር የሻንጣ ቦታ ሲኖረው፣ የከተማው የለውም። የንጹሑም የቆሻሻውም ውሃ ማጠራቀሚያ ቦታው እዚያው ውስጥ ተፈልጎ መገኘት አለበት።

ሞተሩ ከኋላ ነው። ካምቢዮው የተሠራው ከፌርማታ ወደ ፌርማታ ለመሄድ ስለ ሆነ፣ ከእነዚህ አውቶቡሶች ብዙዎቹ በሰዓት ከ90 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፉም። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውን «ስፒድ» የተባለውን ፊልም ያያችሁ ታስታውሱ ይሆናል። አውቶቡሱ ፍጥነቱ ከ50 ማይል፣ ማለት ከ80 ኪሎ ሜትር ዝቅ ካለ ቦምቡ ይፈነዳል። ያ አውቶቡስ ኒው ሉክ ነበር! ምስኪኑ፣ ያን ሁሉ መንገድ ባለ በሌለ ኃይሉ ነው የሮጠው። የሆነ ሆኖ በረጅም ዳገት ላይ ሞተሩም የካምቢዮው ዘይትም ይግላል። ስለዚህ ጉዞው ቀስ ብሎ፣ የሙቀት መለኪያውን እያዩ ነው።

ፍሬኑ የሚሠራው በታመቀ አየር ነው። ሞተሩ የሚያዞረው ኮምፕሬሰር አየሩን እየጨመቀ ወደ ታንኮቹ ያስገባል። ነጂው ፔዳሉን ሲረግጥ አየሩ ሄዶ ፍሬኑን ይገፋዋል። አየር ከሌለ የሚረገጠው ፔዳል ፋይዳ የለውም። አየሩ እንደሚያፈስና እንደማያፈስ በቀላሉ ይታወቃል። አውቶቡሱ በሜዳ ላይ ጎማው ታግዶ ይቆም። ታንኮቹ ከሞሉ በኋላ ሞተሩ ይጥፋና መለኪያው ለአንድ ደቂቃ ይታይ። ፍሬኑ ሳይረገጥ በደቂቃ ከ2 ፒ.ኤስ.አይ. በላይ መውረድ የለበትም። ፍሬኑ ተረግጦ ሲያዝም ከ3 ማለፍ የለበትም። ፒ.ኤስ.አይ. የግፊት መለኪያ ነው። ከዚህ ካለፈ ማፍሰሻው ተፈልጎ እስኪገኝ ድረስ አውቶቡሱ ከግቢ አይወጣም። አንድ ደቂቃ ብቻ ነው፤ ገንዘብም አያስወጣም።

የሚተኙበትም ቦታ እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አልጋው ብዙውን ጊዜ ከሞተሩ በላይ ይሠራል። በወለሉ ላይ የቀረ ቀዳዳ ካለ የሞተሩ ጭስ ወደ መኝታ ይገባል። በጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ አለ። አይሸትም፣ አይታይም፤ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲነድ ሰው የሚገድለው እሱው ነው። ስለዚህ ቀዳዳው ሁሉ ይደፈናል፤ ማስጠንቀቂያ ደወሉም ከአልጋው አጠገብ ይደረጋል። የማድቤቱ ጋዝ ደግሞ በብዛት ፕሮፔን ነው። ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል፤ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛና እሳት ይጠብቃል። ሲሊንደሩ ከመኖሪያው ክፍል በተለየና ከታች በኩል ወደ ውጭ በሚተነፍስ ሣጥን ውስጥ መቀመጥ አለበት።

ስለ መብራት አንድ ነገር ብቻ እንበል። የቤቱና የሞተር ማስነሻው ባትሪ የተለያዩ ይሁኑ። አለዚያ ማታ ራዲዮ ሲሰማ ያመሸ ሰው ጠዋት ሞተሩን ማስነሣት ያቅተዋል።

የቀረው ወረቀቱ ነው። አውቶቡሱ በመዝገብ ላይ ከአውቶቡስነት ወደ መኖሪያ መኪናነት መለወጥ አለበት። ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል። በአንዱ ግዛት በተራ መንጃ ፈቃድ የሚነዳው በሌላው ልዩ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። አንዳንድ የመድን ድርጅቶችም በግል እጅ የተለወጠ አውቶቡስ ሲባል እሺ አይሉም። ይህ ሁሉ መጠየቅ ያለበት ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ነው።

ሥራው ሲያልቅ አውቶቡሱ የውሃውንና የናፍጣውን ታንክ ሞልቶ፣ ሰዎቹንም አሳፍሮ ወደ ሚዛን ይሄዳል። የፊቱና የኋላው ጎማ ለየብቻ ይመዘናል። የተገኘው ቁጥር ፋብሪካው በሰሌዳው ላይ ከጻፈው ጋር ይተያያል። ከበለጠ ውሃ ይቀነሳል። ውሃ ተቀንሶም ካልበቃ፣ ባለቤቱ በስንት ልፋት ያስገባውን ዕቃ መልሶ ማውረድ ይኖርበታል።